አልበሙ ዜማ ሲያገኝ

ከባሕር ዳር በስተ ደቡብ፣ በመርዓዊ በኩል ያለው ቆጋ ስሙ የሚነሣው በግድቡና በ7,000 ሄክታር መስኖው ነው። እኔ የማደንቀው ግን እዚያም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል በሠርግ፣ በምርቃትና በሙት ዓመት ቦታ ያገኘውን ሙያ ነው፤ የቤተሰብ ፎቶዎችን ከሙዚቃ ጋር አዋሕዶ ቪዲዮ መሥራትን።

አልበም የሚገለጠው ለሁለት ለሦስት ሰው ነው፤ ቪዲዮው ግን ድንኳን ሙሉ እንግዳ እኩል ያያል። ጠርዙ የተበላ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ከላስቲኩ ወጥቶ፣ እንዳያብረቀርቅ በመስኮት ብርሃን በስልክ ይነሣል። ከዚያ ተራ ይያዛል፤ አያት በጋቢ፣ እናት በሹሩባ፣ ልጅ በምርቃት ጋዋን። አንዱ ምስል አራት አምስት ሰከንድ ሲቆይ ዐይን ከፊት ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ ፎቶ ቤቱ መጋረጃ ይደርሳል። ፈረንሳዊው ክሪስ ማርከር በ1962 እ.ኤ.አ. «ላ ዤቴ»ን ከሞላ ጎደል በማይንቀሳቀሱ ፎቶዎች ሠርቶ፣ ቆሞ የቀረ ምስል ታሪክ እንደሚተርክ አሳይቷል።

ለሠርግ ክራር፣ ለሙት ዓመት ዋሽንት ብቻውን ደስ ይለኛል። ግጥም ስለሌለው ጨዋታ አይከለክልም፤ «ይሄ ማን ነው?» ሲባል «አጎትህ ነዋ፤ ያኔ ግድቡ መች ተሠራና!» የሚል ሽማግሌ አይጠፋም።

ስለዚህ ከየምስሉ ግርጌ ስምና ዓመተ ምሕረት ይጻፍ፤ ዋናው ፎቶም በክብር ይቀመጥ። ሥራው የሚጀመረውም ፊቶቹን የሚለዩት አዛውንቶች በሕይወት ሳሉ ይሁን።