ክብሩን ያጣና ክብር ያልደረሰው

«ኢንግሎሪየስ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቅጽል ተርጓሚን ያሳስታል። ሥሩ ላቲን ነው፤ «ግሎሪያ» ክብርና ዝና ሲሆን «ኢን» አፍራሽ ቅጥያ ነው። ጀማሪ ተርጓሚ ታዲያ «ክብረ ቢስ» ብሎ ያልፈዋል። በአማርኛ ክብረ ቢስ ስድብ ነው፤ እንግሊዝኛው ግን ሁለት ዓይነት ሰው ይገልጻል፦ የነበረውን ክብር ያጣና ክብር ጭራሽ ያልደረሰው።

ዛሬ የተለመደው የመጀመሪያው ነው። ቃሉ ከሽንፈት፣ ከሽሽትና ከፍጻሜ ጋር መግጠም ይወዳል። ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1812 መጨረሻ ጦሩ ከሩሲያ ሲመለስ በብርድና በረሃብ እየረገፈ ሳለ ትቶት ወደ ፓሪስ ገሠገሠ። ይህን የሚተርክ እንግሊዛዊ «ኢንግሎሪየስ» ቢለው፣ እኔ «አሳፋሪ» ወይም «ክብሩን ያጎደፈ» እለዋለሁ። «ቅሌት» ግን ይከብዳል፤ የአደባባይ መሳቂያ መሆንን ይጨምርበታል።

ሁለተኛው ትርጉም አሁን አሁን ከድሮ ጽሑፍ ውጭ ብዙም አይገኝም፤ የሚያደናቅፈውም ለዚህ ነው። እንግሊዛዊው ገጣሚ ቶማስ ግሬይ እ.ኤ.አ. በ1751 ባሳተመው ዝነኛ ሙሾ በገጠር ቤተ ክርስቲያን ግቢ የተቀበሩ ድሆችን ያስባል። ከመካከላቸው የታላቁን ባለቅኔ የሚልተንን ተሰጥኦ ይዞ የተወለደ፣ ድህነትና አለመማር አፉን የያዙት ሰው ይኖር ይሆናል ይላል፤ ያንን ሰው የሚጠራው በዚሁ ቅጽል ነው። እዚህ ላይ «ክብረ ቢስ» ማለት ገጣሚው የሚያዝንለትን ሟች መስደብ ነው። «ያልተዘመረለት» የሚለው የዘመኑ አነጋገርም አይገጥምም። ያልተዘመረለት ሰው ሥራ ሠርቶ ምስጋና የተነፈገ ነው፤ የግሬይ ሰው ግን ግጥሙን ለመጻፍ እንኳ አልታደለም። «ስም ሳያወጣ የቀረ» ብንል ይሻላል።

ከግሬይ በፊት ሮማዊው ገጣሚ ቨርጂል «ጆርጂክስ» በተባለው ግጥሙ ይህንኑ ቅጽል በላቲን ለራሱ ተመኝቶታል፦ ዝናው ቢቀርብኝም ወንዙንና ጫካውን ልውደድ ይላል። እዚያ ውርደት የሚባል ነገር የለም።

ስለዚህ የሙያ ባልደረቦቼን የምመክረው ይህን ነው፦ ቅጽሉን ከመተርጎማችሁ በፊት የሚገልጸውን ስም ተመልከቱና «ይህ ሰው የሚያጣው ክብር ነበረው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከነበረው «አሳፋሪ» በሉ። ካልነበረው ስም ሳያወጣ መቅረቱን ብቻ ተናገሩ፤ ያላጠፋውን ጥፋት አታሸክሙት።