የፕሮኮፒዮስ ታሪክና የባሕረ ኤርትራ ቃል ኪዳን

ሁለት መንግሥታት ቃል ኪዳን ሲገቡ ውሉን የሚያስሩት ሁለቱም ናቸው፤ የውሉን ታሪክ የሚጽፈው ግን ብዙውን ጊዜ ብርቱው ብቻ ነው። ስለዚህ ውሉ ፈርሶ በተገኘ ጊዜ በደሉ በማን ራስ ላይ እንደሚወርድ ለማወቅ ብዙ መድከም አያስፈልግም። ይህን ነገር ለመመርመር ለሚወድ ሰው የቂሣርያው ፕሮኮፒዮስ ስለ ጦርነቶች የጻፈው መጽሐፍ ታላቅ ማስረጃ ነው፤ የቁስጥንጥንያ መንግሥት በባሕረ ኤርትራ ላይ የፈለገው ጥቅምና ከአክሱም ነገሥታት ጋራ ያደረገው ወዳጅነት በዚያ ተጽፎ ይገኛልና።

ፕሮኮፒዮስ በፍልስጥኤም ቂሣርያ የተወለደ፥ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ከ527 ዓመት ጀምሮ የጦር አለቃው የቤሊሳርዮስ አማካሪ ሆኖ በየዘመቻው የተከተለ ሰው ነው። መጽሐፉ ስምንት ክፍል ሲሆን፥ ስለ ባሕረ ኤርትራ የሚናገረው በመጀመሪያው ክፍል በ19ኛውና በ20ኛው ምዕራፍ ነው። የጸሓፊው ትጋት በዚህ ስፍራ ደኅና አድርጎ ይታያል። ከአዱሊስ እስከ አክሱም የ12 ቀን መንገድ መሆኑን፥ የአዱሊስ ከተማም ከወደቧ 20 ስታድዮን መራቋን፥ ወደ ሕምያር ምድር ለመሻገር አምስት መዓልትና አምስት ሌሊት መፍጀቱን እየለየ ይነግራል። የዚያ ባሕር ጀልባዎች በሚስማር ሳይሆን በገመድ የተያያዙ ስለሆኑ፥ ብረት የሚስብ ዐለት በባሕሩ ውስጥ አለ ተብሎ ይወራ ነበር፤ እርሱ ግን ብዙ ብረት ያለባቸው የሮም መርከቦች በዚያው ባሕር ሲመላለሱ አንዳች እንዳልደረሰባቸው ተናግሮ ተረቱን አፈረሰው። ወሬን ያለ ምርመራ የማይቀበል ጸሓፊ መሆኑ በዚህ ይታወቃል።

የታሪኩም ፍሬ ነገር ይህ ነው። በ531 ዓመት ገደማ ንጉሠ ነገሥቱ ዮስጢንያኖስ ከፋርስ ጋራ ይዋጋ ነበርና፥ ዩልያኖስ የሚባል መልእክተኛ ወደ ኢትዮጵያው ንጉሥ ወደ ካሌብና ካሌብ በሕምያር ላይ ወዳነገሠው ንጉሥ ላከ። ሃይማኖታችን አንድ ነውና በፋርስ ላይ ከእኛ ጋራ ቁሙ የሚል ነበር መልእክቱ። ኢትዮጵያውያን ሐር ከሕንድ ገዝተው ለሮማውያን እንዲሸጡ፥ ሕምያራውያንም ካይሶስ የሚባለውን ስደተኛ በመዓድ ዐረቦች ላይ ሾመው፥ ከብዙ ሠራዊት ጋራ የፋርስን አገር እንዲወጉ ተጠየቁ። ሁለቱም እሺ አሉ፤ ሁለቱም አልፈጸሙም፤ ይላል ፕሮኮፒዮስ። የፋርስ ነጋዴዎች የሕንድ መርከቦች በሚያርፉባቸው ወደቦች አስቀድመው ተቀምጠው ሐሩን ሁሉ ጠቅልለው ይገዙ ነበርና ኢትዮጵያውያን አልተቻላቸውም፤ ሕምያራውያንም ረጅም በረሓ አቋርጦ ከእነርሱ የበረታውን ሕዝብ መውጋት ከበዳቸው።

እዚህ ላይ የመጽሐፉ ጕድለት ይገለጣል። ጕድለቱ ሐሰት መጻፍ አይደለም፤ የጻፈውን እውነት እርስ በርሱ አለማስተያየት ነው። ወዳጆቹ ቃላቸውን አልፈጸሙም ከማለቱ ጥቂት ገጽ አስቀድሞ፥ ለኢትዮጵያውያንና ለሕንዶች ብረት መሸጥ በሮም ሕግ የተከለከለ መሆኑን፥ ሲሸጥ የተያዘም ሰው በሞት እንደሚቀጣ ራሱ ጽፏል። ኢትዮጵያውያን ብረት የላቸውም ማለቱ ስሕተት ነው፤ በአክሱም መቃብሮች የብረት ዕቃ ተገኝቷልና። ስለ ሕጉ የተናገረው ግን እንደ ተናገረው ከሆነ፥ የሮም መንግሥት ባሕሩን ከፋርስ እጅ አውጡልኝ ብሎ የለመነውን ወዳጅ፥ መርከቡንና መሣሪያውን በሚያጠነክርበት ነገር አላመነውም ማለት ነው። ካይሶስም የሕምያርን ንጉሥ ዘመድ ገድሎ የሸሸ ሰው ነበር፤ ይህንም የሚነግረን ያው ፕሮኮፒዮስ ነው። የዘመዱን ገዳይ ሹምልኝ ተብሎ የተጠየቀ ንጉሥ ዳተኛ ቢሆን ምን ያስደንቃል?

ከዚህ የሚበልጥ ደግሞ አለ። ከሁለት ምዕራፍ በኋላ፥ በ22ኛው፥ ዮስጢንያኖስ በ532 ዓመት ከፋርስ ንጉሥ ከኮስሮ ጋራ የዘለዓለም ሰላም የተባለውን ውል ማሰሩንና 11,000 ሊትር የሚመዝን ወርቅ መክፈሉን እናነባለን። ወዳጆቹን በጠላቴ ላይ ዝመቱ ባለ በአንድ ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ፥ ጠላቱን በወርቅ አስታረቀ። ሕምያራውያን በረሓውን ተሻግረው ቢሆን ኖሮ ከማን ጋራ ይቀሩ ነበር? ፕሮኮፒዮስ ይህን ጥያቄ አልጠየቀም።

ዝም ብሎ ያለፈውም ነገር ከተናገረው አያንስም። በ523 ዓመት የናግራን ክርስቲያኖች በሕምያር ንጉሥ እጅ ተፈጁ፤ በ525 ካሌብ ባሕር ተሻግሮ ወጋው። የሰማዕታቱን የሂሩትን ገድል የጻፈው የግሪክ ጸሓፊ ንጉሠ ነገሥቱ ዮስጢኖስ ካሌብን እንዲዘምት እንደ ለመነው፥ ከአይላ፥ ከቍልዝምና ከሌሎችም ወደቦች 60 መርከብ እንደ ተሰበሰበ ይናገራል። ፕሮኮፒዮስ ግን የናግራንን ስም አያነሣም፤ የሮምንም ልመና አይጠቅስም። ገድል ምስጋና ስለሚያበዛ ቍጥሩን በጥንቃቄ መቀበል ይገባል፤ ሆኖም ልመናው ሲቀር፥ ያልፈጸመው ብቻ ተመዝግቦ አስቀድሞ የፈጸመው ተረስቶ ይቀራል።

የሌሎቹም መጻሕፍት ምስክርነት አንድ አይደለም። ዮሐንስ መላላስ ካሌብ የንጉሠ ነገሥቱን ደብዳቤ በደስታ ተቀብሎ ማኅተሙን እንደ ሳመ፥ ፋርስንም ለመውጋት ወዲያው እንደ ተነሣ ይጽፋል፤ ይህ የመልእክተኛ ወሬ ስለሆነ መልእክተኛውን የሚያስመሰግን ነው። ክብረ ነገሥት በበኩሉ የሮምና የኢትዮጵያ ነገሥታት በኢየሩሳሌም ተገናኝተው ምድርን እንደ እኩያ ሲካፈሉ ያሳያል። አንዱ ታዛዥ ወዳጅ፥ ሁለተኛው እኩያ ወንድም፥ ሦስተኛው ቃሉን የማይጠብቅ ደካማ አድርጎ ሣለው። እውነቱን የሚሻ ሰው ሦስቱንም ጐን ለጐን አስቀምጦ ማንበብ አለበት።

ስለ አብርሃም የተጻፈው እንዲሁ ነው። በአዱሊስ በመርከብ ንግድ የሚኖር የአንድ ሮማዊ ባሪያ ነበር፤ በካሌብ ላይ ዐምፆ በሕምያር ነገሠ፤ ፋርስን እወጋለሁ እያለ ብዙ ጊዜ ቃል ገባ፥ አንድ ጊዜም ተነሥቶ ወዲያው ተመለሰ፤ በማለት ፕሮኮፒዮስ ያቃልለዋል። በማሪብ የቆመው የአብርሃ የድንጋይ ጽሑፍ ግን ሌላ ነገር ይመሰክራል። በ548 ዓመት ገደማ ግድቡን ባሳደሰ ጊዜ የአክሱም ንጉሥ፥ የሮም ንጉሥና የፋርስ ንጉሥ መልእክተኞች ወደ እርሱ መጥተው ነበር። በሁለት ታላላቅ መንግሥታት መካከል የተቀመጠ ሰው ለሁለቱም ደጁን ከፍቶ መኖሩ ከፈሪነት ይልቅ ጥበብ ሊባል ይችላል።

ፍጻሜውም ይህን ያስረዳል። መነኮሳት በ552 ዓመት ገደማ የሐር ትል ዕንቍላል ወደ ቁስጥንጥንያ እንዳመጡ ራሱ ፕሮኮፒዮስ በስምንተኛው ክፍል ይተርካል። በ570ዎቹ ዓመታት ፋርስ የየመንን ምድር ያዘ። ሮም ግን ሠራዊት አልሰደደም።

እንግዲህ ፕሮኮፒዮስ ሊነበብ የማይገባው ጸሓፊ ነውን? አይደለም። ብረቱን፥ ካይሶስንና ወርቁን ሳይሸሽግ የጻፈልን እርሱ ነውና፥ በጌታው ላይ የሚፈርደው ማስረጃ በራሱ እጅ ተጠብቆ ደረሰን። ነገሩን እየለየ አስቀመጠ፤ ማገናኘቱ ለአንባቢ ቀረ። የብርቱ መንግሥት ጸሓፊ ወዳጁን ቃል አፍራሽ ብሎ በጻፈበት ገጽ ላይ፥ አስተዋይ አንባቢ ጥቂት ገጽ ወደ ኋላና ወደ ፊት ገልጦ፥ ለዚያ ወዳጅ ምን ተሰጥቶት ምን እንደ ተከለከለ መጠየቅ ይገባዋል።