ምስር ወጡን ማን ሠራው?

ከጥቂት ጊዜ በፊት በአንድ ሽምግልና ላይ ተቀምጬ ነበር። ነገሩ ያው በየሰፈሩ የምናውቀው ነው። አባት ሞተዋል፤ ሙት ዓመታቸው ገና አልወጣም፤ ሁለት ወንድማማቾች ግን በአንዲት ግቢ ተጣልተው አይነጋገሩም። ታላቅየው በለቅሶው ሰሞን ዕዳ አጣብቆት ከታናሹ ጥቂት ገንዘብ ወስዶ ኖሯል። ታናሽየውም ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት ከአባቱ ቤት ድርሻ እንደማይጠይቅ የሚገልጽ ወረቀት አስፈርሞታል። ያንን ወረቀት ከደረት ኪሱ አውጥቶ በጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። እናትየው ጥግ ይዘው፣ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ተቀምጠዋል። ከሽማግሎቹ አንዱ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና ወደ ታላቅየው ዞረው፣ «አዬ ልጄ፤ እንደ ዔሳው ብኩርናህን በምስር ወጥ ሸጥኸዋ!» አሉት። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። እኔም ነቀነቅሁ። ሰውየው አንገቱን ደፋ። ለገዢው ግን ከመካከላችን አንድ ቃል የተናገረው አልነበረም።

ቤቴ ከገባሁ በኋላ ያ ዝምታ ከነከነኝ። ምሳሌው በአፋችን የተለመደ ነው፤ ስንጠቅሰው ግን ጣታችን ሁልጊዜ የሚያመለክተው ወደ ሻጩ ነው። ለመሆኑ ምስር ወጡን ማን ሠራው? ዋጋውንስ ማን ቆረጠው? ይህን ጥያቄ ይዤ ኦሪት ዘፍጥረትን ከምዕራፍ 25 እስከ መጨረሻው እንደ ገና አነበብሁት። ሰባኪ አይደለሁም፤ የነገረ መለኮት ትምህርትም የለኝም። ያነበብሁት አንድ የድርሰት ወዳጅ ታላቅ ድርሰትን በሚያነብበት ዓይን ነው። መጽሐፉ በገዢው ላይ ዝም አላለም። ዝም ያልነው እኛ ነን።

ከተራኪው ልጀምር። የዘፍጥረት ተራኪ ቁጥብ ነው። ሰዎቹን ብዙ ጊዜ አያሞግስም፣ አይረግምም፤ ያደረጉትን ነግሮን ያልፋል። በዔሳው ላይ ግን አንድ የፍርድ ቃል ይሰነዝራል፤ በልቶ ጠጥቶ ከሄደ በኋላ ብኩርናውን እንዳቃለላት ይነግረናል። ወደ ዕብራውያን ሰዎች የተጻፈው መልእክትም በምዕራፍ 12 ይህንኑ ያጠብቀዋል። ስለዚህ ሽማግሌው ምሳሌውን ከባዶ አላመጡትም። ነገር ግን ከፍርዱ በፊት የቀረበልንን ትዕይንት ልብ እንበል። አንዱ ወንድም ከዱር ደክሞ፣ ነፍሱ ልትወጣ ደርሳ ይመጣል። ሌላው ድስት ጥዷል። በእኛ አገር ለማይታወቅ መንገደኛ እንኳ እንጀራ ሲቀርብ ውል አይዋዋሉም። ያዕቆብ ግን አስቀድሞ ዋጋውን ይናገራል፤ ቀጥሎ ወንድሙን ያስምላል፤ ምግቡ የሚቀርበው ከመሐላው በኋላ ነው። ዋጋው ደግሞ ቀላል አልነበረም፤ ኋላ ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 21 እንደ ደነገገው የበኵር ልጅ ድርሻ እጥፍ ነው። እንግዲህ በዚያ ገበያ ላይ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ረኀቡ ያሳወረው፣ ሌላው የወንድሙን ረኀብ በሚዛን ያስቀመጠው። ሆዳም የምንለው የትኛውን ነው?

የድርሰቱ ኃይል በሙሉ የሚገለጠው ግን በምዕራፍ 27 ነው። ይስሐቅ አርጅቷል፤ ዓይኑ ፈዟል። ዔሳውን የሚወድደው፣ ቀደም ብሎ እንደ ተነገረን፣ ከአደኑ ይበላ ስለ ነበር ነው። ርብቃ ደግሞ ያዕቆብን ትወዳለች። ተንኰል ወደዚያ ቤት የገባው በዚያች ቀን አይደለም፤ አባትና እናት ልጆቻቸውን ሲከፋፈሉ በሩን ከፍተውለት ቆይተዋል። ርብቃ ሁለት የፍየል ጠቦቶች ታስመጣለች፤ አባትየው የሚወድደውን ወጥ ትሠራለች፤ ቆዳውን በታናሹ እጅና አንገት ላይ ትጠቀልላለች፤ የታላቁን ልብስ ታለብሰዋለች። ያዕቆብ በዚህ ሁሉ መካከል የሚያነሣው ሥጋት አንድ ብቻ ነው። ነገሩ በደል መሆኑ አላስጨነቀውም፤ አባቱ ቢዳስሰውና ቢያውቀው ከበረከት ፈንታ ርግማን እንዳያገኘው ነው የፈራው። የአታላይ ሕሊና እስከዚህ ድረስ ነው፤ ከመበደል ይልቅ መታወቅን ይፈራል።

ከዚያ በኋላ ያለው ትዕይንት በሕዋሳት የተሠራ ነው። ዓይን አስቀድሞ ከምስክርነት ወጥቷል። ጆሮ፣ ድምፁ የያዕቆብ ነው ይላል። እጅ፣ ጠጉሩን ዳስሶ የዔሳው ነው ይላል። ምላስ ወጡን ቀምሶ ይስማማል። አፍንጫ ልብሱን አሽትቶ ያጸድቃል። እውነቱን የተናገረው ጆሮ ብቻ ነው፤ የቀሩትን ሦስቱን ምስክሮች ርብቃ በጓዳዋ አዘጋጅታ የላከቻቸው ናቸው። ይስሐቅ ጆሮውን ሳያምን ቀረ፤ በሆዱ የገባውን አመነ። ያዕቆብም አደኑን እንዴት እንዲህ ፈጥኖ እንዳገኘው ሲጠየቅ፣ የእግዚአብሔርን ስም ጠርቶ እርሱ እንዳቀናለት ይመልሳል። ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ አስደንጋጩ ውሸት ይህ ነው። በቤተሰብ መካከል የሚደረግ ማታለል መጨረሻ ላይ ፈጣሪን ምስክር ሳይጠራ አይቀርም። በውርስ ክርክር ላይ የሚማለውን መሐላ የሰማ ሰው ይህን ያውቃል።

ዔሳው ሲመለስ ይጮኻል። ተራኪው ጩኸቱ ታላቅና መራራ እንደ ነበረ ይነግረናል። ምዕራፍ 25 ላይ ግድ የለሽ ሆኖ ያየነው ያ አዳኝ፣ ምዕራፍ 27 ላይ አባቱ አንዲት በረከት እንኳ እንዳስቀረለት እየጠየቀ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። ከዚህ በኋላ በዔሳው ላይ በቀላሉ የሚፈርድ አንባቢ ገጹን ሳያነብ የገለጠ ይመስለኛል።

አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣብኝ አውቃለሁ። «ያዕቆብ እኮ ገና በእናቱ ማኅፀን ሳለ የተመረጠ ነው፤ ታላቁ ለታናሹ እንደሚገዛ ለርብቃ ተነግሯት ነበር» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ተነግሯታል። ነገር ግን ተስፋው የፈጣሪ ከሆነ የጠቦት ቆዳ ለምን አስፈለገው? መመረጥ ሌላ ነው፣ ማታለል ሌላ። መጽሐፍ ቅዱስ ራሱም ሁለቱን አልቀላቀለም። ነቢዩ ኤርምያስ በምዕራፍ 9 ሰው ወንድሙን እንኳ እንዳያምን ሲያስጠነቅቅ፣ ወንድም ወንድሙን ያሰናክላል ለማለት በዕብራይስጡ የሚጠቀምበት ቃል የያዕቆብ ስም የወጣበት ቃል ነው። ከብዙ ዘመን በኋላም ያ ስም ያን በደል ያስታውስ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ቅጣቱ የት አለ? እሳት ከሰማይ አልወረደም፤ ዳኛም አልተሰየመም። ያዕቆብ ወደ ካራን ወደ አጎቱ ወደ ላባ ይሸሻል። ለራሔል 7 ዓመት ያገለግላል። ሠርጉ አልፎ ሲነጋ ከጎኑ ያገኛት ልያን ነው። በጨለማ የማያይ አባትን ያታለለው ልጅ፣ በሌሊት ጨለማ ተታለለ። ላባ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ደግሞ አጥንት ይሰብራል፤ በአገራቸው ታናሺቱን ከታላቂቱ አስቀድሞ መዳር ወግ እንዳልሆነ ይነግረዋል። ላባ ይህን ሲል የያዕቆብን የቤት ታሪክ ይወቅ አይወቅ ተራኪው አይነግረንም። ያዕቆብ ግን ይሰማዋል፤ አንባቢም ይሰማዋል። ለዚህ ነው ያዕቆብ ብዙ ሳይከራከር ሌላ 7 ዓመት የተቀበለው ብዬ አስባለሁ። ለመንጋው ደግሞ 6 ዓመት ተጨመረ፤ 20 ዓመት ሞላ።

በዚያ ቤት የተጎዳው እርሱ ብቻ አይደለም። ልያና ራሔል በምዕራፍ 31 ስለ አባታቸው የሚናገሩት ቃል በዚህ መጽሐፍ ውስጥ በስስት ላይ ከተሰጡት ምስክርነቶች ሁሉ የከበደ ይመስለኛል። አባታቸው እንደ ባዕድ እንደ ቈጠራቸው፣ እንደ ሸጣቸውና ዋጋቸውን እንደ በላ ይናገራሉ። ላባ በጉን አበዛ፤ ልጆቹን ግን አጣ። ርብቃስ? ልጇን ቁጣው እስኪበርድ ለጥቂት ቀን ብላ ነበር የላከችው። ሲመለስ በሕይወት ኖራ እንዳየችው የሚናገር አንድ መስመር የለም። የሞግዚቷ የዲቦራ ሞት ተጽፏል፤ የርብቃ ግን መቃብሯ የት እንደ ሆነ ብቻ፣ ያዕቆብ ሊሞት ሲል በሚናገረው ቃል ውስጥ ተጠቅሶ ያልፋል። ርግማኑ በእርሷ ላይ እንዲሆን የጠየቀች እናት ናት።

ያዕቆብ ሲመለስ ያለው ክፍል የታሪኩ ቁልፍ ነው። በያቦቅ ወንዝ አጠገብ ሌሊቱን ሲታገለው ያደረው ስሙን ይጠይቀዋል። አባቱ ማን እንደ ሆነ በጠየቀው ጊዜ ዔሳው ነኝ ብሎ ነበር፤ አሁን ግን ያዕቆብ ነኝ ይላል። አዲስ ስም የተሰጠው አሮጌውን ካመነ በኋላ ነው። ወዲያው ደግሞ ዔሳው 400 ሰዎች አስከትሎ ይመጣል። ያዕቆብ አስቀድሞ የላከውን እጅ መንሻ ተራኪው አንድ በአንድ ይቈጥርልናል፤ ፍየል 220፣ በግ 220፣ ከነግልገሎቻቸው የሚያጠቡ ግመሎች 30፣ ላም 40፣ ኮርማ 10፣ እንስት አህያ 20፣ ውርንጭላ 10። የግመሎቹን ግልገሎች ሳንቈጥር 550 ይሆናል። በአንድ ሳህን ምስር የተገዛውና በሁለት ጠቦት የተሰረቀው ነገር የተከፈለበት ዋጋ ይህ ነው።

የሚያስደንቀው ዔሳው አለመፈለጉ ነው። ሮጦ ወንድሙን አቅፎ፣ ስሞ አለቀሰ፤ ስለ ከብቶቹም ለእርሱ ብዙ እንዳለው፣ የያዕቆብ ለያዕቆብ እንዲሆን ነገረው። ያ በረኀብ ጊዜ ራሱን መግዛት ያልቻለው ሰው፣ ሀብት ሲቀርብለት ይበቃኛል የሚል ሆነ። ያዕቆብ ግን እንዲቀበለው ግድ አለው፤ በዚህ ስፍራ ስጦታውን የሚጠራበት የዕብራይስጥ ቃል ከአባቱ የሰረቀው የበረከት ስም ራሱ ነው። በእኛም ቋንቋ በረከት ምርቃትም እጅ መንሻም ስለሆነ ነገሩ ለአማርኛ አንባቢ ሩቅ አይደለም። ወንድማማቾቹን ያስታረቃቸው የንብረት ክፍፍል አልነበረም። አንዱ የወሰደውን በስሙ ጠርቶ መለሰ፤ ሌላው ይበቃኛል አለ።

ድርሰቱ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለን። ተራኪው ግን አይሸነግለንም። ያዕቆብ ከወንድሙ ጋር ታረቀ፤ ለአባቱ ግን እንዳታለለው ሲናዘዝ አናይም። ወደ ይስሐቅ እንደ ደረሰ ይነገረናል፤ የተነጋገሩት አንድም ቃል አልተጻፈም። ያ የቀረው ዕዳ በልጆቹ እጅ ተከፈለ። ያዕቆብ ራሱ በአባትና በእናቱ ቤት ያየውን ማበላለጥ ደገመው፤ ለዮሴፍ ለይቶ ያማረ ቀሚስ ሠራለት። ወንድሞቹ በ20 ብር ሸጡት፤ ይሁዳ ከመግደል ይልቅ መሸጥ ጥቅም እንዳለው ያሰላው በዚያ ቀን ነው። ከዚያ ጠቦት አርደው ቀሚሱን በደም ነክረው ለአባታቸው ላኩለት፤ እንዲያውቀውም ጠየቁት። የወንድም ልብስና ጠቦት! ያዕቆብ አባቱን ባታለለበት ዕቃ ተታለለ። ይስሐቅ ልጁን አላወቀውም ነበር፤ ያዕቆብ ግን ልብሱን አወቀውና አለቀሰ። ሰንሰለቱ የሚበጠሰው በምዕራፍ 44 ነው፤ ያ ወንድሙን ለመሸጥ ያሰላ ይሁዳ፣ በብንያም ፈንታ እኔ ባሪያ ልሁን ብሎ ሲቀርብ።

በእኛ አገር የብኩርና እጥፍ ድርሻ የለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆች ሁሉ እኩል እንዲወርሱ ይደነግጋል። ጠቡ ግን አልቀረም፤ መልኩን ለውጦ በውክልና፣ በኑዛዜና በጣት አሻራ ይመጣል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 አንድ ሰው ወንድሙ ርስት እንዲያካፍለው ይዘዝለት ዘንድ ክርስቶስን ይለምናል። እርሱ ግን ከፋይ መሆንን እንቢ ብሎ ለሁሉም ስለ መጐምጀት ያስጠነቅቃል። ቤቱ በሜትር ቢከፈልም ልብ እንዳይከፈል የሚያደርግ ፍርድ እንደሌለ ያወቀ ይመስለኛል።

የእነዚያ ወንድማማቾች ጉዳይ በሽማግሌ ሳያልቅ ፍርድ ቤት ገብቷል። ወረቀቱ ይጸና ይሆናል። እናትየው ከታናሹ ጋር በግቢው ውስጥ ናቸው፤ ታላቅየው ሊጠይቃቸው ሲመጣ በር ላይ ቆመው ያነጋግሩታል እንጂ ግባ አይሉትም አሉ። ሽምግልናው ዛሬ ቢደገም ራሴን አልነቀንቅም። ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቼ ወደ ታናሽየው እዞርና፣ ወንድምህ ተርቦ ሲመጣ ድስቱን የጣድኸው አንተ አልነበርክም ወይ ብዬ እጠይቀዋለሁ።