ባለቤቱን ሳይጠይቁ

እኛ አበሾች ሦስት ሆነን ከተገናኘን ኮሚቴ ማቋቋም እንወዳለን። ለሠርግ ኮሚቴ፣ ለለቅሶ ኮሚቴ፣ ለሰፈር ኮብልስቶን ኮሚቴ። እኛ ቤት ደግሞ ባለፈው ዓመት ለመገናኘት ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ቨርጂኒያ ከገባ ሃያ ሦስት ዓመት የሞላው ታላቅ ወንድማችን ነው። ገንዘብ ያዧ ባለቤቱ ናት። ጸሐፊው እኔ ነኝ። የኮሚቴውን ሥራ ልተች ስነሣ ራሴን ከትችቱ ማውጣት እንደማልችል ከወዲሁ ይታወቅልኝ፤ ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አራት ልጆች ነን። ጋሼ አሜሪካ፣ ታናሿ እህታችን ዱባይ፣ እትዬና እኔ አዲስ አበባ። እትዬ ሽሮ ሜዳ በወላጆቻችን ቤት ከእማዬ ጋር ትኖራለች። የደም ግፊት ኪኒኗን በሰዓቱ የምትሰጣት፣ ሐኪም ቤት የምታመላልሳት፣ መብራት ሲጠፋ ሻማ የምታበራላት እሷ ናት። አራታችንም አንድ ገበታ ላይ ከተቀመጥን አሥራ አንድ ዓመት ሆነን፤ ያውም የአባታችን አርባ ዕለት ነው። እማዬ ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው። ዘመድ የሚሰባሰበው ለለቅሶ ብቻ ከሆነ የሚቀጥለው መሰባሰብ የማን ይሆን የሚለውን ጥያቄ ማንም አፍ አውጥቶ አልተናገረውም እንጂ በየሆዳችን ነበር።

ጋሼ አንድ ምሽት ደወለና ሐሳቡን አመጣው።

“ሳሎን ተቀምጠን ዶሮ ወጥ እየበላን አልበም የምናገላብጥበት መገናኘት ይብቃን” አለ። “ልጆቼ አዲስ አበባ ሲመጡ ሁለት ሳምንት ሶፋ ላይ ስልካቸውን ሲጎረጉሩ ከርመው ነው የሚመለሱት። አማርኛው የላቸው፣ ጨዋታው አይገባቸው። ዱር እንውሰዳቸው። ድንኳን ይትከሉ፣ ፈረስ ይቀመጡ፣ ከአክስትና ከአጎት ልጆቻቸው ጋር ተራራ ይውጡ።”

እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ጥሩ ነው። ቋንቋ የማይጋሩ ልጆች አንድ ሶፋ ላይ ሲቀመጡ ባዕድ ናቸው፤ አንድ ዳገት አብረው ሲወጡ ግን ዘመድ ይሆናሉ። በዚህ ከጋሼ ጋር ጸብ የለኝም።

መጀመሪያ የተነሣው ስሜን ነበር። የዋልያውና የጭላዳው አገር፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው። ሆኖም በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ያንን መንገድ አሮጊትና ሕፃን ይዞ ለመሄድ የደፈረ ከመካከላችን አልተገኘም። ስለዚህ ባሌ ተመረጠ። ባሌም ቢሆን የማንም ሁለተኛ አይደለም። በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው ፓርክ ከ2,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ እሱም በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የሳነቴ አምባ አለ፣ ጅብራው እንደ ዘብ የቆመበት። ከአምባው ማዶ የሐረና ደን አለ፣ ቡና ሰው ሳይተክለው የሚበቅልበት። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡ አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ቀርተዋል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እዚያ ናቸው። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ይህን ማየት ለማንም ልጅ ትምህርት ነው።

ችግሩ ያለው እቅዱ ላይ ነው። ቃለ ጉባኤው አሁንም እኔ ዘንድ አለ። ጊዜው ነሐሴ፤ ምክንያቱም አሜሪካ ትምህርት ቤት የሚዘጋው ያን ጊዜ ነው። ማደሪያው ሳነቴ አናት ላይ፣ ድንኳን ውስጥ፣ ሦስት ሌሊት። ሁለት በግ ይታረዳል፤ የአጎታችን ሚስት ዶሮ ወጥ እዚያው ትሠራለች። ሞንታርቦ ከነጄነሬተሩ ይከራያል። ቪዲዮ ቀራጭ ይያዛል። ቲሸርት ይታተማል፤ ጀርባው ላይ የአያታችን ስም ይጻፍበታል። የአክስታችን ልጅ ውሻውን ይዞ ይመጣል፤ “ዱር ነው፣ ይጠብቀናል” ብሏል። መዋጮ በነፍስ ወከፍ 800 ዶላር። በመጨረሻም ተራ ቁጥር ዘጠኝ እንዲህ ይላል፤ “እማዬ በጤናዋ ምክንያት አትጓዝም፤ በቪዲዮ ታያለች።”

ይህን አረፍተ ነገር ስጽፍ እጄ አልተንቀጠቀጠም። አሁን የሚገርመኝ እሱ ነው።

እትዬ የኮሚቴው አባል አልነበረችም፤ አባል እንድትሆን የጠየቃትም የለም። አንድ ቅዳሜ ሽሮ ሜዳ ሄጄ ወጥ ቤት ቆማ ሽንኩርት ስትከትፍ ቃለ ጉባኤውን ከስልኬ ላይ አነበብኩላት። ተራ ቁጥር ዘጠኝ ላይ ስደርስ ቢላዋውን አስቀመጠች።

“ማን ጠይቋት ነው?” አለችኝ።

“ሐኪሙ…” ብዬ ጀመርኩ።

“ሐኪሙን ማን ጠየቀው?”

ማንም። ለሐኪሙ የደወለ የለም፤ ለእማዬ የነገራትም የለም። ለእሷ ተብሎ የታሰበ መገናኘት ነው፤ ስሟ የተነሣው ግን የማትሄድ መሆኗን ለመጻፍ ብቻ ነው።

እስቲ ቁጥሩን እንየው። የሳነቴ አምባ ከባሕር ጠለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ከላዩ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። በ4,000 ሜትር ላይ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚያገኘው 60 በመቶ ያህሉ ነው። ራስ ምታቱ፣ ማቅለሽለሹ፣ እንቅልፍ ማጣቱ ከዚያ ይመጣል፤ ከባሰም ሳንባና አንጎል ላይ ይወጣል። ጥንቃቄው ቀስ እያሉ መውጣት፣ ዝቅ ብሎ መተኛት፣ ካመመ ሳይውሉ ሳያድሩ መውረድ ነው። ታዲያ ከመካከላችን ለዚህ ከፍታ የሚቀርበው ማን ነው? ጋሼ ያለበት የቨርጂኒያ ሰፈርም ዱባይም የባሕር ጎረቤት ናቸው። ሽሮ ሜዳ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ሰፈር ነው። እማዬ እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ እንጦጦ ማርያምን በእግሯ ወጥታ ትሳለም ነበር። ኮሚቴው “አትችልም” ብሎ ያስቀራት ተራራ የለመደችዋን ነው። ሰብሳቢው ራሱ ግን ከአውሮፕላን በወረደ በሦስተኛው ቀን 4,000 ሜትር ላይ ሊያድር ነበር።

የደም ግፊት ቀልድ ነው እያልኩ አይደለም። ቀልድ ስላልሆነ ነው የሚያውቅ ሰው መጠየቅ የነበረበት። እትዬ ሰኞ ዕለት ጠየቀች። ግፊቷ በመድኃኒት የተስተካከለ ስለሆነ፣ ኪኒኗን ሳታቋርጥ ቀስ ብላ ከሄደች፣ ዝቅ ባለ ቦታ ሁለት ሌሊት ካሳለፈችና አናት ላይ ካላደረች መጓዝ ትችላለች ተባለች። ይህን ለማወቅ የፈጀው ግማሽ ቀን ነው። ኮሚቴው ስለ ቲሸርቱ ቀለም የተከራከረው ሦስት ምሽት ነው።

ቀጥዬ ዱባይ ደወልኩ። እህታችን ሰው ቤት ነው የምትሠራው። ስለ መዋጮው በቤተሰብ ግሩፑ ላይ ሲጻፍ ምንም አላለችም፤ እኔም “ተስማምታለች” ብዬ መዝግቤያለሁ።

“ትኬቱን ለመግዛት ራሱ ስንት ወር ነው ያጠራቀምኩት” አለችኝ። “ለዱሩ የሚሆን የለኝም። እናንተ ሂዱ፣ እኔ ከእማዬ ጋር እቆያለሁ። አታስጨንቋቸው።”

እንግዲህ ልብ በሉ። እናትየዋ ትቀራለች። አሥራ አንድ ዓመት ያላየናት ልጅ ትቀራለች። እትዬም እማዬን ጥላ ስለማትሄድ ትቀራለች። ታዲያ የቀረነው ሞንታርቦና በግ ይዘን ተራራ የምንወጣው ማንን ልናገኝ ነው?

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላል ያገራችን ሰው። እኛ በአንድ ቃለ ጉባኤ ሁለት ባለቤት ንቀናል። አንደኛዋ እማዬ ናት። ሁለተኛው ባሌ ነው። ዱር ስንል ባዶ ቦታ፣ ማንም የሌለበት፣ እኛን ሲጠብቅ የኖረ ይመስለናል። የውሻውን ነገር ብቻ እንውሰድ። የቀይ ቀበሮ ትልቁ ጠላት ነብር አይደለም፤ ከውሻ የሚጋባበት በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በዌብ ሸለቆ በተነሣው የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ቀበሮዎች አልቀዋል። የአክስታችን ልጅ “ይጠብቀናል” ያለው ውሻ እዚያ የሚኖረውን ሊፈጅ ይችላል። አስታው በደረቅ ወራት አንዴ እሳት ከያዘው ማቆሚያ የለውም። ሞንታርቦው ሲያንባርቅ ደግሞ ልጆቹ ሊያዩት ከባሕር ማዶ የመጡለት ቀበሮ ፍልፈሉን ትቶ ወዲያ ማዶ ይሄዳል።

ሰውም አለ። በአምባው ላይ ከብት የሚያግዱ፣ በሐረና ውስጥ ቀፎ ሰቅለው ማር የሚቆርጡ፣ ቡና የሚለቅሙ ቤተሰቦች አሉ። ግጦሹና ሰፈራው ለፓርኩ ትልቅ ፈተና ነው፤ ለእነሱ ግን የዕለት ኑሮ ነው። ከዚያ የሚወርደው ውሃ በገናሌና በዌብ አድርጎ እስከ ሶማሊያ የሚደርስ የብዙ ሕዝብ መጠጥ ነው። ስሜን ላይ የግጭ መንደር ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ከፓርኩ ወጥተው ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ የተደረገው ለዱሩ ሲባል ነው። ሰው ለዱር ብሎ ቤቱን በሚለቅበት አገር እኛ ጄነሬተር ጭነን ለጭፈራ እንገባለን ማለት ነው።

ወደ እማዬ ልመለስ። በመጨረሻ ጠየቅናት። ቡና እየተፈላ ነበር። ጋሼ በስልክ ነው፤ ድምፁ ይቆራረጣል።

“ባሌ የት ነው የምትሄዱት?” አለች።

“ጎባ ገብተን ከዚያ ወደ ላይ” አልኳት።

“ጎባማ ኖሬበታለሁ። አባታችሁ አስተማሪ ሆኖ ተመድቦ፣ ሁለት ዓመት። አንተ ሳትወለድ። ኦሮምኛዬን ያገኘሁት ከጎባ ገበያ አይደል?”

አራታችንም ኦሮምኛ እንደምትሞክር እናውቃለን። ከየት እንደተማረችው የጠየቃት ግን አልነበረም። ኮሚቴው አስተርጓሚ ለመቅጠር በጀት ይዞ ነበር።

“ለመሆኑ ሰው አገር ስትሄዱ ለማን ነግራችኋል?” አለች ቀጥላ። ጋሼ ሳቀ፤ ቆይቶ ግን ዝም አለ። “እኔ ተራራውን አይቼዋለሁ። ያላየሁት ልጆቼን ነው። የዱባይዋ ካልመጣች እኔም የለሁበትም። ያ ጩኸታችሁም ይቅር፤ የምትሉኝን መስማት እፈልጋለሁ።”

ይህ የእኛ ቤት ጉድ ብቻ ቢሆን ጋዜጣ ላይ አላወጣውም ነበር። ዛሬ ዘመዱ ባሕር ማዶ ያልሄደበት ቤት የትኛው ነው? ከውጭ የሚመጣው ያቅዳል፤ አገር ቤት ያለው ያስተናግዳል። ጋሼን በዶላሩ አልወቅሰውም፤ የእማዬ ኪኒን የሚገዛው በእሱ ዶላር ነው። የእኛ ጥፋት የማያዋጣውን ሰው ዝምታ እንደ ስምምነት መቁጠራችን ነው። ሌላም ነገር አለ። ሞንታርቦውን፣ ቪዲዮውን፣ ቲሸርቱን ያበዛነው ለደስታ ብቻ አይመስለኝም። አሥራ አንድ ዓመት ያልተያዩ ሰዎች ፊት ለፊት ሲቀመጡ የሚነሣውን ወሬ ፈርተን ነው። የእማዬን እንክብካቤ ማን ተሸከመ? አንተ የት ነበርክ? ይህን ሞንታርቦ ይሸፍነው ይሆናል፤ ተራራ ግን አይሸፍነውም።

እቅዱ እንደገና ተጻፈ። ጊዜው ወደ ፈረንጅ ገና ዕረፍት፣ ወደ ታኅሣሥ አጋማሽ ዞረ፤ ሌሊቱ ይበርዳል እንጂ ዝናብ የለም። የውጭዎቹ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይቆያሉ። ማደሪያው ጎባ ነው። ሳነቴ ጠዋት በመኪና ቀስ ተብሎ ይወጣል፣ ከሰዓት በኋላ ይወረዳል። ድንኳን የናፈቃቸው ወጣቶች መጨረሻ ላይ፣ ሰውነታቸው ከለመደ በኋላ፣ በዲንሾ በኩል ከአካባቢው አስጎብኚዎችና ፈረስ አከራዮች ጋር አንድ ሌሊት ያድራሉ። ውሻው ቤቱ ይቀመጣል። ዶሮ ወጡም ቀረ፤ 4,000 ሜትር ላይ ውሃ 87 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ዶሮው ሳይበስል ይመሽ ነበር። የመንገዱ ሰላም ከመነሻው ሳምንት በፊት ይጠየቃል። መዋጮው እንደ አቅም ሆኗል፤ ዝርዝሩ ለማንም አይነበብም። እትዬ ሰብሳቢ ሆናለች። መጀመሪያ “ጊዜ የለኝም” ብላ ነበር፤ እውነቷን ነው፣ ጊዜዋን የወሰድነው እኛ ነን። በጉዞው ሰሞን ኪኒኑን የምሰጠው እኔ እንድሆን ተወሰነ፤ ሰዓቱን ጽፋ ሰጥታኛለች።

ቲሸርቱ ታትሟል። ጋሼ ደግሞ ከነሐሴ ወደ ታኅሣሥ በመዞሩ የትኬት ልዩነት ስንት እንደከፈለ በደወለ ቁጥር ይነግረናል። ይንገረን። እማዬ ግን ጋቢዋን አሳጥባ፣ አጣጥፋ፣ አልጋዋ ግርጌ አስቀምጣለች።