ሳይጮህ የሚደክም ፍሬን

«ትጮኻለች እንጂ ትይዛለች።» ለፍሬን ጉዳይ ጋራዥ የሚመጣ ደንበኛ ብዙውን ጊዜ ወሬውን የሚጀምረው በዚህ ነው። እኔ ግን ስለጮኸችለት ደስ ይለኛል። ብዙ የፍሬን ሸራዎች ላይ አንዲት ቀጭን የብረት ምላስ አለች፤ ሸራው ተበልቶ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲቀረው ዲስኩን እየነካች እንድታፏጭ ሆን ተብላ የተሠራች ናት። ባለመኪናው ተናዶ ይመጣል፣ ሸራ ይቀየርለታል፣ ይሄዳል። ከሶማሌ ተራ በርካሽ የተገዛ ሸራ ይህች ምላስ ላትኖረው ትችላለች፤ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ድምፅ ብረት ከብረት ሲፋቅ የሚሰማው ነው። እዚያ ከተደረሰ ዲስኩም እየተበላ ስለሆነ ሒሳቡ ሌላ ነው።

ጩኸት ሁሉ ግን ብልሽት አይደለም። በክረምት ውጭ ያደረች መኪና ጠዋት ስትነሳ ትንሽ ብትፋቅ ዲስኩ ላይ ያደረው ዝገት ነው፤ ሁለት ሦስቴ ፍሬን ሲያዝ ይጠፋል።

እኔን የሚያሳስበኝ ድምፅ የሌለው ነው። እግር ይለምዳል። ፔዳሉ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ዝቅ ቢል ባለመኪናው ሳያውቀው ቀደም ብሎ መርገጥ ይጀምራል፤ ለእሱ ምንም አልተለወጠም። ስለዚህ «መኪናዋን በቅርቡ ሌላ ሰው ነድቷት ያውቃል? ምን አለ?» ብዬ እጠይቃለሁ። መኪና የተዋሰ ወንድም በአንድ መስቀለኛ መንገድ የሚያውቀውን ባለቤቱ በዓመት አያውቀውም።

ከዚያ ራሴ እገባና እረግጣለሁ። ፔዳሉ ለስልሶ ደጋግመው ሲረግጡት ከፍ የሚል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አየር ገብቷል። እግሬን አጥብቄ ስይዘው ቀስ እያለ ወደ ታች የሚሰምጥና ውጭ የሚፈስ ነገር የሌለ ከሆነ ዋናው ፖምፓ ውስጥ ያለውን ጎሚኒ እጠረጥራለሁ። ድንጋይ ሆኖ እምቢ ካለ ሞተሩን አጥፍቼ፣ ጥቂት ጊዜ ረግጬ፣ እግሬን ሳላነሳ አስነሳለሁ፤ ፔዳሉ ትንሽ ካልወረደ ሰርቮው አያግዝም ማለት ነው። ስትይዝ ወደ አንድ ወገን የምትጎትት መኪና ደግሞ ባንዱ ጎማ ብቻ እየሠራች ሊሆን ይችላል።

የፍሬን ዘይት ነገር ግን ብዙ ሰው አይገባውም። እቃው ውስጥ ሲቀንስ ይጨምሩበታል፣ አበቃ። ዘይቱ ግን ዝም ብሎ አይቀንስም፤ ወይ የሆነ ቦታ ይፈስሳል፣ ወይ ሸራው እየሳሳ ሲሄድ ዘይቱ ወደ ጎማው በኩል ወርዷል። ሳያዩ መሙላት ምልክቱን ማጥፋት ነው። ሌላው ችግር ዘይቱ እርጥበት መሳቡ ነው። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን የሚፈላው ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ከቦሌ ፒያሳ ለሚመላለስ ሰው ይህ ላይታወቀው ይችላል። ያው ሰው ለፋሲካ ወደ ጎጃም ሲሄድ ግን ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ማርሹን ነፃ ካደረገ ክብደቱን ሁሉ የሚሸከመው ፍሬኑ ብቻ ነው። ሸራው ይግላል፣ ዘይቱ ይፈላል፣ እንፋሎት ይፈጠራል። እንፋሎት ደግሞ ስለሚጨመቅ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይገባል። ክፋቱ ሲበርድ ይመለሳል፤ መኪናዋ ጋራዥ ስትመጣ ፔዳሉ ደህና ነው፣ የሚታይም የሚፈስም የለም። ሾፌሩ «አንዴ እምቢ ብላኝ ነበር» ካላለ ማን ያውቃል?

ስለዚህ ከሸራው በፊት «ወዴት ልትሄድ ነው?» እላለሁ። ዘይቱ ሁለት ዓመት ካለፈው እቀይረዋለሁ፤ «ሸራውን ብቻ» የሚለኝ ሰው ቁልቁለት የሚወርድ ከሆነ እከራከረዋለሁ።

መንገድ ላይ ፔዳሉ ሲለሰልስ ወይም የተቃጠለ ሽታ ሲመጣ ማርሽ ቀንሶ፣ ደህና ቦታ ፈልጎ መቆም ነው። ውሃ አይደፋበትም፤ የጋለ ዲስክ ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። ጎማ ሥር ድንጋይ አድርጎ እስኪበርድ መጠበቅ ነው። ሲነሱ ደግሞ ድንጋዩን፣ እባካችሁ፣ ከአስፋልቱ ላይ አንሡት።