የዶክተር አክሊሉ ለማ ጽሑፎችና የጥቅስ ቁጥር

በመካከላችን የአንድ ተመራማሪ ስም በተነሣ ቁጥር አስቀድሞ የሚጠየቀው ስንት ጽሑፍ እንዳሳተመና ስንት ጊዜ እንደ ተጠቀሰ ነው። እኔም ይህንኑ ልማድ ተከትዬ የዶክተር አክሊሉ ለማን የኅትመት ዝርዝር ለመመርመር ተነሥቼ ነበር፤ ነገር ግን ዝርዝሩን ባገላበጥሁ መጠን ቁጥሩ ራሱ መመርመር የሚገባው ሆኖ አገኘሁት።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ ዐድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ በውሃው ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያ ትል ወደ ሰው ከመግባቱ በፊት የሚያድገው በቀንድ አውጣ ውስጥ ስለ ሆነ ነገሩ ቀላል አልነበረም። በዚያው በ1964 በአሜሪካ አገር ዩጂን ጋርፊልድ የሳይንስ ጥቅሶችን መዝገብ ለገበያ አቀረበ። ዛሬ እርስ በርሳችን የምንለካካበት ሚዛን ከዚህ መዝገብ የወረደ ነው። የመጀመሪያው መዝገብ የ1961ን ጽሑፎች ከ613 መጽሔቶች የለቀመ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ግን ገና በ1962 የተመሠረተ ነው። ዶክተር አክሊሉ ደግሞ የእንዶድን ነገር በመጀመሪያ ያስታወቁት በዚሁ በአገራችን መጽሔት በ1965 ነበር፤ ጽሑፉም አራት ገጽ ብቻ ነው። የላቦራቶሪውንና የመስኩን ምርመራ በሰፊው የያዘው ጽሑፍ በዓለም ጤና ድርጅት ቡለቲን የወጣው በ1970 ነው። ሁለቱን ጐን ለጐን አድርጎ ላነበበ ሰው፣ ዋናው ኀሳብ በአራቱ ገጽ ውስጥ እንዳለ ግልጽ ነው።

የባዮኬሚስትሪውን ክፍል በብዛት የሠሩት ሌሎች ናቸው። በ1970ዎቹ በአሜሪካ በስታንፎርድ የምርምር ኢንስቲቱት ሮበርት ፓርክኸርስትና ባልደረቦቹ ከእንዶድ ፍሬ ሳፖኒኖችን ለይተው አወጡና አንዱን ለማቶክሲን ብለው ሰየሙት። ስለዚህ የሰውየው ስም በሞለኪዩል ላይ ተጽፎ ይኖራል፤ ሆኖም ሞለኪዩሉን የሚጠራ ሁሉ እሳቸውን ጠቀሰ ተብሎ አይቈጠርም። (ስም ከጥቅስ በላይ ሲወጣ ጥቅሱ ይቀራል ማለት ነው።)

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የገረመኝ በ1984 ዶሞንና ሆስቴትማን በስዊስ አገር ሆነው የገለጹት ነገር ነው። በፍሬው ውስጥ ያለው ሳፖኒን በሁለት ወገን ስኳር የተያያዘበት ነው፤ እንዲህ እንዳለ ቀንድ አውጣን አይገድልም። ፍሬው ተፈጭቶ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ግን የራሱ ኤንዛይም የአንደኛውን ወገን ስኳር ይቈርጠዋል፤ ገዳዩም ያን ጊዜ ይወለዳል። ፍሬውን ያለ ውሃ በሜታኖል የሚያወጣ ኬሚስት ይህን ኀይል ያጣዋል። የዐድዋ ሴቶች ፍሬውን ወቅጠው በውሃ ማሸታቸው እንግዲህ ትክክለኛው አሠራር ነበር። ይህን ዕውቀት የትኛው መዝገብ ቈጠረው?

ዶክተር አክሊሉን ከነቀፋ ውጭ ማድረግ ግን አልፈልግም። በዐድዋ ከ1969 እስከ 1974 በተደረገው ሙከራ በበሽታው የተያዙት ሕፃናት ከመቶ 50 ወደ 7 ወርደዋል፤ ውጤቱ ድንቅ ነው። ይሁንና የሙከራው ሙሉ ጽሑፍ የወጣው በ1983 ነው፤ በዚህ መካከል ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን መጥቶ የሐኪሞችን ዐይን ስቦ ነበር። ለመዘግየቱ አንዱ ምክንያት የውጭ ድርጅቶች ከአፍሪካ ላቦራቶሪ የወጣን ማስረጃ በቀላሉ አለመቀበላቸው እንደ ሆነ እሳቸው ራሳቸው ደጋግመው ተናግረዋል። ይህ እውነት ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ግን ለማንም ረጅም ነው። በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አብረዋቸው የተቀበሉት ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም አሉ። ኀይለኛውን የእንዶድ ዓይነት፣ 44 ቁጥር የተባለውን፣ በእርሻ መርጠው ያወጡ እሳቸው ናቸው፤ የጥቅስ ቁጥር ለሚመለከት ሰው ግን ከጥላው ሥር የቀሩ ይመስላሉ።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልመለስ። በዝርዝሩ ውስጥ ስለ እንዶድ ያልሆኑ፣ ስለ አዋሽ ሸለቆ ቢልሃርዝያ የተጻፉ ሁለት ጽሑፎች አሉ። የ1969ኙ በሽታው ወደ ፊት በኢኮኖሚና በሕዝብ ጤና ላይ ሊያመጣ የሚችለውን ነገር በርእሱ ላይ ሳይቀር አስቀምጧል። የ1977ቱን ከሄልሙት ክሎስ ጋር ሆነው የጻፉት ሲሆን ኑራ ኤራን፣ አባዲርን፣ መልካ ሰዲንና አሚባራን፣ ማለት በመስኖ የለሙትን እርሻዎች፣ እየተዘዋወሩ የመረመሩበት ነው። ሁለቱም የታተሙት በዚያው በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ነው። ከአዳማ ተነሥቶ ወንጂን አልፎ መተሐራ ድረስ የሚሄድ ሰው በመንገዱ የሚያገኘው ቦይ ሁሉ የእነዚህ ጽሑፎች ጉዳይ ነው፤ ሸንኮራው የሚጠጣው ውሃ ለቀንድ አውጣውም ቤት ነውና። በ1990 ሲሞንሰን፣ ነጋና ፉሩ በወንጂ የሠራተኞች መንደር ልጆች ላይ የተገኘውን የአንጀት ቢልሃርዝያ ሲጽፉ ጥያቄው ገና አላረጀም ነበር።

እኔ የ1969ኙን ጽሑፍ ያገኘሁት ከኮምፒዩተር ደረጃ ሳይሆን ከሌላ ጽሑፍ ግርጌ ነው፤ በጥቅስ ብዛት ተደርድሮ በቀረበልኝ ዝርዝር ውስጥ ወደ ታች ወርዶ ስለ ነበር አልፌው ነበር። የዚህ ዓመት ተመራቂዎች የጥናት ርእስ ሲመርጡ ያንኑ ዝርዝር ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከታች ወደ ላይ ቢያነቡት እወዳለሁ። መምህራኖቻችንም በማመልከቻው ቅጽ ላይ «ስንት ጊዜ ተጠቀሰ» ከሚለው መስመር አጠገብ «ጥናቱ የተደረገበት ውሃ የት ነው» የሚል አንድ መስመር ቢጨምሩልን ቅጹ አይጠብም።