«ሪህ ነው» ብለን የምናድለው ምክር፦ የመገጣጠሚያና የጡንቻ ሕሙማን ትምህርታዊ ጽሑፎች ሲመረመሩ

ለመገጣጠሚያና ለጡንቻ ሕሙማን በአማርኛ የሚዘጋጁ የምክር ጽሑፎች በመልክ ቢለያዩም በይዘት ይመሳሰላሉ። ፍሬ ሐሳባቸው ዕረፍት ማድረግ፣ ክብደት መቀነስ፣ መዋኘት፣ ከሥጋና ከጥራጥሬ መቆጠብ፣ ወተትና ዓሣ ማዘውተር ነው። እያንዳንዱ ምክር ለአንድ ዓይነት ሕመምተኛ ሊስማማ ይችላል። ሁሉም በአንድ ወረቀት ሰፍረው ለመጣው ሁሉ ሲታደሉ ግን የማይመለከታቸውን ሰዎች ይጎዳሉ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በሌለበት ጤና ጣቢያ ለሕመምተኛው ፊዚዮቴራፒስቱም የሥነ ምግብ አማካሪውም ያ ወረቀት ነው። በመሆኑም ይዘቱን መመርመር የሙያ ግዴታችን ነው።

ስሙ አንድ፣ ሕመሙ ብዙ

ችግሩ ከስሙ ይጀምራል። «ሪህ» የሚለው ቃል በሕዝብ አነጋገር ከዩሪክ አሲድ ክምችት የሚመጣውን ጋውትን፣ በዕድሜና በሥራ ጫና የሚባባሰውን ኦስቲዮአርትራይተስን፣ የሰውነት መከላከያ ራሱን ሲያጠቃ የሚከሰተውን ሩማቶይድ አርትራይተስንም ይጠቀልላል። አዘጋጆቹ ቃሉን ሳይተነትኑ ይወስዱትና ለጋውት የታሰበውን የምግብ ክልከላ ለሁሉም ያውጃሉ። ክልከላው በጥራጥሬ ረገድ ለጋውት እንኳ ጽኑ መሠረት የለውም። ቾይና ባልደረቦቹ በአሜሪካውያን ወንዶች ላይ አድርገው እ.ኤ.አ. በ2004 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ባወጡት ጥናት፣ የጋውትን ሥጋት ከፍ ያደረጉት ሥጋና የባሕር ምግቦች ነበሩ፤ ባቄላ፣ አተርና ምስርን የሚያካትቱት ፒዩሪን ያላቸው የዕፅዋት ምግቦች ግን ሥጋቱን አልጨመሩም።

ምክሩ ካራቆሬ ሲደርስ

ይህ ወረቀት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው ካራቆሬ ጉልበቷን ለሚያማት አንዲት እናት ቢሰጥ ምን ይሆናል? በይፋት ቆላ ዋናው እህል ማሽላ ነው። ማሽላ ኃይል ቢሰጥም ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ያንሰዋል፤ ይህን ጉድለት የሚሞላው ጥራጥሬ ነው። ከሸዋ ሮቢት ጀምሮ ያለው ቆላ ደግሞ ማሾ የሚመረትበት አገር ነው። ሥጋ ውድ ነው፤ እናቲቱ ጾመኛ ክርስቲያን ከሆነች ደግሞ በጾም ወራት ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ አትቀምስም። እንዲህ ላለች ሴት «ጥራጥሬ ተዪ» ማለት ፕሮቲንን ተዪ ማለት ነው። ፕሮቲን ያጣ ጡንቻ ይሟሽሻል፤ ጉልበትን ደግፎ የሚይዘው የፊት ጭን ጡንቻ ሲደክምም ሕመሙ ይብሳል።

የክብደት ምክሩም እንዲሁ ነው። ሜሲየርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 እንዳሳዩት፣ ከመጠን በላይ የወፈረ የጉልበት ሕመምተኛ አንድ ኪሎ ሲቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበቱ ላይ የሚያርፈው ጫና በአራት ኪሎ ያህል ይቀንሳል። የሰውነት ክብደት መለኪያዋ ከ18.5 በታች ለሆነች ሴት ግን ያው ምክር ከጡንቻዋ ቀንሺ እንደ ማለት ነው። ሳይመዝኑ መምከር አይገባም።

ከጓያ የምንማረው

ምግብና እግር በሀገራችን እንዴት እንደሚተሳሰሩ በይበልጥ የሚያስተምረን የጓያ ታሪክ ነው። ሕመሙ የነርቭ ቢሆንም ሕመምተኛው ወደ እኛ የሚመጣው እግሬ ከበደኝ ብሎ ነው። በወሎ፣ ደላንታና ዳውንት የተከሰተውን ወረርሽኝ ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁን፣ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1999 በላንሴት መጽሔት አሳወቁ። ተመራማሪዎቹ በተከታዮቹ ጥናቶች ጓያ እንዴት ተሠርቶ እንደሚበላ መረመሩ። ቆሎው፣ ንፍሮውና እሸቱ ከከፍተኛ ሥጋት ጋር ሲያያዙ፣ ከእህል ጋር መቀላቀልና ወጡን በቅመም መሥራት ሥጋቱን እንደሚቀንስ አገኙ። ይህ ጓያን ከጉዳት ነጻ አያደርገውም፤ ነገር ግን በረሀብ ጊዜ ሌላ አማራጭ ለሌለው ቤተሰብ የሚጠቅም ምክር የተገኘው ከጓዳው በመጠየቅ ነው። የምክር ወረቀቶቻችን የጎደላቸው ይህ ጥያቄ ነው።

ዕረፍት ወይስ እንቅስቃሴ?

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበው የዕረፍት ምክር ነው። ለጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ የአካል እንቅስቃሴ ዋነኛ ሕክምና መሆኑን በዘርፉ ያለው ዓለም አቀፍ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019፣ የእንግሊዝ ብሔራዊ መመሪያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 አስቀምጠዋል። መዋኛ ለሌለው ሰው «ይዋኙ» ማለት ወረቀት ማባከን ነው። መደብ ግን በየቤቱ አለ። ጠዋትና ማታ፣ ሙቀቱ ሲበርድ፣ ከመደብ ላይ እጅን ሳይደገፉ አሥር ጊዜ መነሣትና መቀመጥ፣ በጀርባ ተኝቶም እግርን ቀጥ አድርጎ ማንሣት የጭንን ጡንቻ ያጠነክራል። ሃያ ሊትር ውኃ በአንድ ጄሪካን ከመሸከም ሁለት ጊዜ አሥር ሊትር ማመላለስ ይሻላል።

ወረቀቶቹ «አይንበርከኩ» ብለው ያልፋሉ። በይፋት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሰጋጅ ነው፤ ይህ ቃል ለብዙ ሕመምተኞች ከሕመሙ የከፋ ነው። ምንጣፍ ደርቦ መንበርከክን ወይም ተቀምጦ መጸለይን ከካህኑ ወይም ከሼኩ ጋር መክሮ መፍቀድ የሕክምናው አካል መሆን አለበት።

ማጠቃለያ

ጽሑፎቹ መልካም ጎን አላቸው፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ዳይክሎፌናክና የስቴሮይድ መርፌ መደጋገም ጨጓራንና ኩላሊትን እንደሚጎዳ ማስጠንቀቃቸው ያስመሰግናቸዋል። ሆኖም ትኩሳት ያለው ሰው አንድ መገጣጠሚያው በድንገት አብጦ ከጋለ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መላክ እንዳለበት በጉልህ መጻፍ ነበረባቸው። ጥፋቱም የአዘጋጆቹ ብቻ አይደለም፤ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከነበሩት 16 ፓኬጆች መካከል ለተሐድሶ ሕክምና የተለየ አንድም አልነበረም። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ተሐድሶ በሁሉም የጤና አገልግሎት ደረጃዎች እንዲካተት በውሳኔ ጠይቋል።

እስከዚያው ወረቀቱን ከመስጠታችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ ሕመሙ የትኛው ነው? የሚበላው ምንድን ነው? ቀኑን የሚውለው ምን ሲሠራ ነው? ለእነዚህ መልስ ሳይገኝ «ጥራጥሬ ተዪ፤ ዕረፊ» ከማለት ወረቀቱን በመሳቢያ ማቆየት ይሻላል።